የልጄ እርግብግቢት ይመታል፤ የባለቤቴ አናትስ ለምን ጎደጎደ?

«ልጄ ሦስት ወር ሊሞላት ነው፤ የመጀመሪያዬ ናት። አናቷ ላይ ያለው እርግብግቢት ሲመታ በዓይኔ አየዋለሁ። ስታለቅስ ያብጣል፣ ቀና አድርጌ ስይዛት ደግሞ ጎድጎድ ይላል። እጄ እንዳይጎዳት ስለምፈራ ጭንቅላቷን በደንብ አጥቤው አላውቅም። የኋላውን እርግብግቢት ፈልጌ አጣሁት፤ አማቴ ቶሎ መዘጋቱ ጥሩ አይደለም አሉኝ። ስትወለድ በመሣሪያ ተስባ ስለነበር በቀኝ በኩል ከጆሮዋ በላይ እብጠት ነበራት። አሁን ቀንሷል፣ ግን ዙሪያው ጠጣር መሐሉ ለስላሳ ሆኗል፤ ስነካው አጥንቷ የተሰበረ ይመስለኛል። ይህን ሁሉ ሳወራ የሰማው የ41 ዓመቱ ባለቤቴ ፀጉሩን ተላጭቶ አናቱን ሲዳብስ፣ ከመሐል ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ ጎድጓዳ ቦታ አገኘ። የእሱ እርግብግቢት ሳይዘጋ እንደቀረ ይናገራል፤ ይቀልድ ይሁን ይፍራ አልገባኝም። ማንን ቀድሜ ሐኪም ዘንድ ልውሰድ?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ዛሬ ማታ ማንንም ይዘው መሮጥ አያስፈልግዎትም። በደብዳቤዎ ውስጥ ትኩሳት አላነበብኩም፣ ተደጋጋሚ ትውከት አላነበብኩም፣ ጡት እምቢ ያለች ወይም ለመንቃት ያስቸገረች ሕፃንም አላገኘሁም። ያገኘሁት ጣቶቿ ዕረፍት ያጡ እናት ናት። ልጅዎን በሚቀጥለው የክትባት ወይም የክብደት ክትትል ቀን ለሐኪም ያሳዩ፤ ባለቤትዎ ደግሞ በራሳቸው ጊዜ ቀጠሮ ይያዙ። ይህን ምክር ለምን እንደሰጠሁና በየትኞቹ ሁኔታዎች እንደሚሻር ወደ ታች እመጣበታለሁ። ሁለቱን አናቶች ግን ለያይቼ አልመለከታቸውም፤ የአባትየው ራስ ቅል ስለ ልጅቱ፣ የልጅቱም ስለ አባቷ የሚናገረው ነገር ሊኖር ይችላል።

እርግብግቢቱ የሚመታው ከሥሩ የደም ሥሮች ስላሉ ነው። ሁለቱ የግንባርና ሁለቱ የጎን አጥንቶች በሚገናኙበት በዚያ ቦታ ላይ አጥንቱ ገና አልደረሰም። ልብ በተመታ ቁጥር ወደ አንጎል የሚገፋው ደም ከሥር ያለውን ፈሳሽ በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ የሚከልለው አጥንት ስለሌለም ንቅናቄው እስከ ቆዳ ድረስ ይታያል። በእርስዎም በእኔም ጭንቅላት ውስጥ ያው ነገር ሌት ተቀን ይካሄዳል፤ የእኛ ተሸፍኗል እንጂ። ፀጉሯ ሳሳ ባለ ልጅ ላይ ጎልቶ ይታያል፣ ፀጉረ ብዙ በሆነች ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ሁለቱም ጤና ነው።

አጥንት የለም ማለት ደግሞ ከለላ የለም ማለት አይደለም። ከቆዳው ሥር ጠንካራ ስስ ሽፋን ተወጥሯል፤ ከእሱ ሥር አንጎልን ዙሪያውን የሚጠቀልለው ወፍራሙ የአንጎል ሽፋን አለ፤ ከዚያ በታች ፈሳሽ ነው፤ አንጎሉ የሚገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በጣት ሆድ ማጠብ፣ ለስላሳ ብሩሽ ማሳለፍ፣ ኮፍያ ማድረግና አናቷን መሳም ይህን ሁሉ አልፎ ሊጎዳት አይችልም። የሚያስፈራው በኃይል መጫን፣ ሹል ነገር፣ ከፍ ካለ ቦታ መውደቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕፃንን በንዴት ይዞ መነቅነቅ ነው፤ መነቅነቅ እርግብግቢቱን ሳይነካ በአንጎል ዙሪያ ደም ሊያፈስ ይችላል። በነገራችን ላይ፣ ብዙ ወላጆች ያንን ቦታ በፍርሃት ሳይነኩት ስለሚቀሩ ቢጫማ ቅባታማ ቅርፊት ይከማችበታል፤ ከዚያ ቅርፊቱ ራሱ ሌላ ጭንቀት ይሆናል። ዛሬውኑ ጭንቅላቷን ያለ ስጋት ማጠብ ይጀምሩ።

ክፍተቱ ባይኖር ኖሮ መወለድም ማደግም በተቸገሩ ነበር። በምጥ ጊዜ የራስ ቅል አጥንቶች ጠርዝ ለጠርዝ እየተደራረቡ ጭንቅላቱ ጠበብ ብሎ እንዲያልፍ ያደርጋሉ፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን አናቱ ሾጠጥ ብሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይስተካከላል። ከዚያ ተራው የአንጎል ነው። ወሯን ጠብቃ የተወለደች ሕፃን የጭንቅላት ዙሪያዋ በአማካይ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየወሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በሚቀጥሉት 3 ወራት በየወሩ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ እስከ ልደቷ ድረስ በየወሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። አንድ ዓመት ሲሞላት 47 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ትደርሳለች ማለት ነው። ይህ ፍጥነት በቀሪው ዕድሜዋ አይደገምም። አንጎል ከውስጥ ሲገፋ አጥንቶቹ በመጋጠሚያዎቻቸው ጠርዝ ላይ አዲስ አጥንት እየጨመሩ ይከተሉታል፤ መጋጠሚያዎቹ ቀድመው ቢገጥሙ አንጎሉ የሚያድግበት ቦታ ያጣል።

ሐኪሞችም ከዚህ ክፍተት ይጠቀማሉ። የአልትራሳውንድ ሞገድ አጥንትን በቀላሉ አያልፍም፤ በእርግብግቢቱ በኩል ግን መሣሪያውን አናት ላይ በማሳረፍ ብቻ የአንጎሉን ውስጥ ማየት ይቻላል። ጨረር የለውም፣ ማደንዘዣ አይፈልግም። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በአንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ እንደሆነ የሚታየው በዚህ መንገድ ነው። እርግብግቢቱ ከተዘጋ በኋላ ይህ ዕድል ያበቃል።

አሁን ወደ አማትዎ ስጋት። ሕፃን ስትወለድ እርግብግቢቶቿ ስድስት ናቸው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ሁለት ሁለት። የጎኖቹ በጣት ለማግኘት ስለሚያስቸግሩ ስማቸው አይነሳም። የኋላው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በአብዛኞቹ ሕፃናት እስከ 2 ወይም 3 ወር ድረስ ይዘጋል፣ አንዳንዶቹ ላይ ስትወለድም የጣት ጫፍ እንኳን አያስገባም። ስለዚህ በሦስት ወሯ አለማግኘትዎ የሚጠበቅ ነው። አማትዎ በቅን ልቦና የተናገሩት ምናልባት ስለ ፊተኛው የሰሙትን ይሆናል።

የፊተኛው ታሪክ ረዘም ይላል። ሲወለዱ ስፋቱ በአማካይ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነባቸውም ከ3 ሴንቲ ሜትር ያለፈባቸውም ጤነኛ ሕፃናት አሉ። የሚዘጋውም በአማካይ ከ13 እስከ 14 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ጤነኛው ክልል ግን ከ4 ወር ተነስቶ እስከ 26 ወር ይዘልቃል። በሦስት ወራቸው የተዘጋላቸው ከመቶ አንድ ገደማ ናቸው፤ አንደኛ ዓመታቸው ላይ ከመቶ 38 ያህሉ ተዘግቶላቸዋል፤ ሁለተኛ ዓመታቸው ላይ ከመቶ 96ቱ። እነዚህን ቁጥሮች የጠቀስኩት የጎረቤትዎ ልጅ በዘጠኝ ወሩ ተዘጋለት ሲባል እንዳይደነግጡ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው መለኪያ የሜትር ክር ነው። በየክትትሉ የጭንቅላት ዙሪያዋ ይለካ፣ በዕድገት ሰንጠረዧ ላይም ነጥቡ ይመዝገብ። መስመሩ የራሷን መንገድ ይዞ ወደ ላይ ከተጓዘ እርግብግቢቷ ፈጥኖ ቢዘጋም ዘግይቶ ቢዘጋም አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስብ ነገር የለም። መስመሩ ከነበረበት ወደ ላይ ከተተኮሰ ወይም ካዘቀዘቀ ግን እርግብግቢቷ መደበኛ ቢመስልም ምርመራ ያስፈልጋል።

ያለ ጊዜው የሚገጥም መጋጠሚያ ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ላይ የሚደርስ ችግር ነው። ምልክቱ የእርግብግቢት መዘጋት ሳይሆን የቅርጽ መለወጥ ነው፤ ጭንቅላቱ እየጠበበ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይረዝማል፣ ወይም ግንባሩ በአንድ ወገን ይጠፈጠፋል፣ መጋጠሚያውን ይዞም እንደ ሽቦ የከረረ መስመር በጣት ይዳሰሳል። እርግብግቢቱ ክፍት ሆኖም ይህ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ «ክፍት ነውና ችግር የለም» ብሎ መተውም ስህተት ነው። ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይሠራል፣ ቀለል ያለው ዓይነት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት፤ የቅርጽ ጥርጣሬ ካለዎት ቀጠሮውን አያዘግዩት። በተቃራኒው ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላም ሰፍቶ የቀረ እርግብግቢት የእንቅርት ዕጢ ሥራ ማነስን፣ በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መለስለስን፣ በአንጎል ውስጥ የፈሳሽ መጠራቀምን ወይም በዘር የሚተላለፍ የአጥንት ሁኔታን ሊያመለክት ይችላል። እነዚህ ሁሉ ሌላ ምልክት ይዘው ይመጣሉ፤ እርግብግቢት ብቻውን መሰከረ ተብሎ ፍርድ አይሰጥም።

ስለ ማበጡና ስለ መጎድጎዱ ደግሞ አንድ ሕግ ይያዙ፤ እርግብግቢት የሚታየው ልጅቱ ሳታለቅስ፣ ቀና ብላ ተይዛ ነው። ስታለቅስ፣ ስታስታውክ፣ ተኝታ ሳለች በጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ እርግብግቢቱም ይወጠራል። ዝም ብላ ቀና ስትል ይመለሳል። ቀና ባለችበት ጊዜ በጥቂቱ ጎድጎድ ማለቱም ተፈጥሯዊ ነው። እርስዎ የገለጹልኝ ልክ ይኸው ነው።

ፀጥ ብላ፣ ቀና ብላም ተወጥሮና ጠንክሮ የቀረ እርግብግቢት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከትኩሳት፣ ከተደጋጋሚ ትውከት፣ ከማያባራና ለየት ባለ ቀጭን ልቅሶ፣ ከእንቅልፍ ለመቀስቀስ ከማስቸገር ወይም ከሰውነት መንቀጥቀጥ ጋር ከመጣ ማጅራት ገትር ወይም በጭንቅላት ውስጥ የደም መፍሰስ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለባት፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። ከወደቀች በኋላ ከተወጠረም እንዲሁ። አንድ ነገር ይጨመርበት፤ ሦስት ወር ያልሞላት ሕፃን የሰውነት ሙቀቷ 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከደረሰ እርግብግቢቷ ፍጹም መደበኛ ቢሆን እንኳን ወዲያውኑ ትመርመር። በማጅራት ገትር የተያዙ ሕፃናት ሁሉ እርግብግቢታቸው አይወጠርም። ከእኔ ደብዳቤ ሌላው ቢረሳዎት ይህን አይርሱት።

መጎድጎዱ አሳሳቢ የሚሆነው ጥልቅ ሲሆንና የፈሳሽ ማነስ ምልክቶች ሲከተሉት ነው፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳትሸና መቆየት፣ የአፍ መድረቅ፣ የዓይን ወደ ውስጥ መግባት፣ መዝለፍለፍ። ተቅማጥና ትውከት ያለባት ሕፃን እንዲህ ከሆነች ጡት ማጥባቱን ሳያቋርጡ ይዘዋት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በዚህ ዕድሜ ፈሳሽ ለመተካት ብሎ ባዶ ውኃ መስጠት ጉዳት አለው፤ የደሟን የጨው መጠን ያዛባል። እርግብግቢቱ የሚጎደጉደው የሰውነቷ ፈሳሽ ስለቀነሰ ነው፤ ሕክምናው ፈሳሹን መመለስ ነው፣ ቦታውን ወደ ላይ ለማንሳት መሞከር አይደለም።

ከጆሮዋ በላይ ስላለው እብጠት ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ ብዙ ሐኪም ተማሪዎችንም ያስደነገጠ ነገር ነው። በመሣሪያ ተስበው በተወለዱ ሕፃናት ላይ በአጥንቱና አጥንቱን በሚሸፍነው ስስ ቆዳ መካከል ደም ሊጠራቀም ይችላል። ወዲያው ሲወለዱ ከሚታየው ተራ የራስ ቆዳ እብጠት የሚለየው ወሰን ያለው በመሆኑ ነው፤ ሽፋኑ በእያንዳንዱ አጥንት ጠርዝ ላይ ስለሚጣበቅ ደሙ መጋጠሚያውን ተሻግሮ ወደ ሌላው አጥንት አይሄድም። ተራው እብጠት በቀናት ይጠፋል፤ ይህኛው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ደሙ ከመሐል እየተመጠጠ ሲሄድ ጠርዙ ላይ አዲስ አጥንት ይጀምራል፤ ጣት ሲያርፍበት ዙሪያው ጠጣር፣ መሐሉ የገባ ይሆናል። የተሰረጎደ ስብራት የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ መሐሉ ግን ወደ ውስጥ አልገባም፣ ጠርዙ ነው ከፍ ያለው። ራስ ቅሉ እያደገ ሲሄድ ከፍታው እየተስተካከለ ይመጣል።

በሚቀጥለው ክትትል ሐኪሙ ይዳስሰው፤ ማየት ያለበት ዓይን እንጂ ደብዳቤ አይደለም። እስከዚያ ግን ማንም በመርፌ ልምጠጠው ቢል አይፍቀዱ፤ ንጹሕ የነበረ ደም በመርፌው በኩል ጀርም ገብቶበት ወደ መግልነት ሊለወጥ ይችላል። በመታሸትም አይጠፋም። እብጠቱ እየቀነሰ መምጣቱን ጽፈውልኛል፣ አቅጣጫው ትክክል ነው። ተመልሶ ካደገ፣ ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም ትኩሳት ካመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

ጣትዎ ገና ሌላ ነገር ማግኘቱ ስለማይቀር አስቀድሜ ልንገርዎ። በአንዳንድ ጤነኛ ሕፃናት ላይ፣ በተለይ ከኋላና ከጎን መጋጠሚያዎቹ አጠገብ፣ አጥንቱ ራሱ ሲጫኑት ገባ ብሎ እንደ ፒንግ ፖንግ ኳስ ተመልሶ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት በብዛት የሚታይና በራሱ የሚጠነክር ነው። ከዚያ በኋላ ከቀጠለ የቫይታሚን ዲ መጠን መታየት ይኖርበታል። እስኪጠነክር እየተጫኑ መፈተሽ ግን የእርስዎ ሥራ አይደለም።

ባለቤትዎ ይቀልዱ ይፍሩ አላወቁም፤ እኔም ከዚህ ሆኜ አላውቅም። አብዛኛው ሰው አናቱን የሚያውቀው ሲላጭ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የተገኘ ጎድጓዳ ዛሬ የተፈጠረ ላይሆን ይችላል።

እርግብግቢታቸው ሳይዘጋ ቀርቶ ይሆን? በትልቅ ሰው ላይ ክፍት ሆኖ የሚቀርበት የታወቀ የዘር ሁኔታ አለ፤ ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች በግምት አንዱን የሚያገኝ ነው። እነዚህ ሰዎች ትከሻን ከደረት ጋር የሚያገናኘው ቀጭን አጥንት ስለሚጎድላቸው ወይም ስለሚያጥርባቸው ሁለቱን ትከሻዎች በደረታቸው ፊት እስከ መግጠም ሊያቀራርቡ ይችላሉ፤ የወተት ጥርሳቸው አልወልቅ ይላል፣ ትርፍ ጥርሶችም ይኖሯቸዋል። ባለቤትዎ እንዲህ ቢሆኑ ኖሮ የጥርስ ሐኪም ከእርስዎ ቀድሞ ባወቀ ነበር። ቦታውም አይገጥምም፤ የፊተኛው እርግብግቢት ከመሐል አናት ወደ ግንባር ያዘነበለ ነው፣ እሳቸው ያገኙት ደግሞ ወደ ኋላ።

ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያለበት ጎድጓዳነትና ለስላሳነት ነው፤ ሰዎች ሁልጊዜ ያደባልቋቸዋል። የራስ ቆዳ ራሱ ወፈር ያለና ለስላሳ ስለሆነ በማንኛውም ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ሲጫኑት ከሥሩ አጥንት የሌለ ይመስላል። በጣት ሆድ ቀስ ብለው ሲጫኑ ወለሉ ጠጣር ከሆነ ያገኙት የአጥንት ቅርጽ ነው። ሁለቱ የጎን አጥንቶች የሚገናኙበት መሐለኛ መስመር ብዙ ሰዎች ላይ ቦይ ይሠራል። ፍጹም ክብ የሆነ ራስ ቅል ያለው ሰው የለም። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ በግራና በቀኝ የጎን አጥንቶች እየሳሱ ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሊፈጠር ይችላል፤ በ41 ዓመት ግን የሚጠበቅ አይደለም። አጥንቱ ሳይጎድል ከላዩ ከፍ ብሎ ለስላሳ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በራስ ቆዳ ውስጥ የሚወጣ ከረጢት ወይም የስብ እብጠት ነው፤ ካላስቸገረ ይተዋል፣ ካስቸገረ በቀላሉ ይወጣል።

አሁን ልጅቱን ወደሚነካው ክፍል ደረስኩ። በጎን አጥንቶች ላይ፣ ከመሐለኛው መስመር ግራና ቀኝ፣ ልክ ባለቤትዎ በገለጹት አካባቢ፣ ትንሽ የደም ሥር የሚያልፍባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች በብዙ ሰዎች ላይ አሉ፤ በጣት አይገኙም። አልፎ አልፎ ግን እነዚህ ቀዳዳዎች ጣት እስኪያስገቡ ድረስ ሰፍተው የሚወለዱ ሰዎች አሉ። ወለል የላቸውም፣ በግራና በቀኝ ጥንድ ሆነው ይገኛሉ። ብዙዎቹ ሰዎች ያለ ምንም ችግር ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹ ላይ ቦታው ሲነካ ራስ ምታት ያመጣል። ሁኔታው በዘር የሚተላለፍ ነው፤ ከወላጆች አንዱ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በሕፃናት ላይ ሲታይ ሁለት ቀዳዳ ሳይሆን ከኋላ በኩል እጅግ የሰፋ አንድ ክፍተት ይሆናል፣ አጥንቱ ከመሐል ሲያድግ ነው ለሁለት የሚከፈለው። የልጅዎን የኋላ እርግብግቢት ፈልገው አለማግኘትዎ እንግዲህ በዚህም ረገድ የሚያረጋጋ ነው። ቢሆንም ባለቤትዎ ጥንድ ቀዳዳ እንዳላቸው ከተረጋገጠ ለልጅቱ ሐኪም መነገር አለበት።

ከቅርጽ ወደ በሽታ የሚያሻግረው ለውጥ ነው። ጎድጓዳው ወይም ለስላሳው ቦታ አዲስ ከሆነ፣ በሳምንታት ውስጥ ከሰፋ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለው፣ ክብደት መቀነስ ወይም ያልተለመደ ድካም ከተከተለው በቶሎ ምስል መነሳት ያስፈልጋል። የመቅኔ ካንሰር የሆነው መልቲፕል ማየሎማ፣ እንዲሁም ከጡት፣ ከሳንባ፣ ከኩላሊት፣ ከእንቅርት ዕጢ ወይም ከፕሮስቴት ተነስቶ ወደ አጥንት የሚሰራጭ ካንሰር የራስ ቅልን አጥንት ሊበላው ይችላል። ከጭንቅላት ምት በኋላ ለስልሶና ውኃ ቋጥሮ የሚያብጥ የራስ ቆዳ ከሥሩ ስብራት ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል፤ በተለይ ከጆሮ በላይ ከሆነ። ግንባር ላይ፣ ከከረመ የሳይነስ ሕመምና ከትኩሳት ጋር የሚመጣ ለስላሳ እብጠትም አለ፤ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የገለጸው ሲሆን፣ ኢንፌክሽኑ አጥንቱን ዘልቆ ወደ አንጎል ሊገባ ስለሚችል ዛሬም እንደ ድንገተኛ በሽታ ይታያል። ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ሰው ደግሞ የራስ ቆዳው ሲነካ ካመመው፣ ሲያኝክ መንጋጋው ከዛለ፣ እይታው ከደበዘዘ በዚያው ቀን ይታይ፤ እነዚህ የጭንቅላት ደም ሥር ብግነት ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብግነቱ ካልታከመ ዓይን ሊያሳውር ይችላል። ባለቤትዎ ከእነዚህ አንዱንም አላነሱም፣ ከ50 ዓመትም ገና ናቸው።

ለቀጠሯቸው ሁለት ነገሮች ይዘው ይሂዱ። አንደኛው ፀጉራቸው አጭር በነበረበት ዘመን ከላይ ወይም ከኋላ የተነሱት ፎቶግራፍ ነው፤ ጎድጓዳው ያኔም ከነበረ ግማሹ ጥያቄ ተመለሰ። ሁለተኛው የወላጆቻቸውና የወንድም እህቶቻቸው መልስ ነው፤ እዚያው ቦታ ላይ እነሱም እንዲዳብሱ ይጠይቋቸው። ሐኪሙ ዳስሶ ወለሉ ጠጣር መሆኑን ካረጋገጠ ምንም ምስል ላያዝ ይችላል፣ ያልታዘዘ ምስል ለምን ቀረ ብለው አይጨቃጨቁ። አጥንት የጎደለ ከመሰለው ኤክስሬይ ወይም ሲቲ ስካን ያዛል። የተወለዱበት ቀዳዳ ሆኖ ከተገኘም ውጤቱን በእጃቸው ያስቀምጡት፤ ወደፊት ጭንቅላታቸውን ቢመቱና ድንገተኛ ክፍል ቢገቡ፣ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም የቆየውን ቀዳዳ አዲስ ስብራት ነው ብሎ እንዳያክመው ያግዘዋል።